በስንጥቁ ውስጥ ያለው አንሶላ

«እማዬ፣ የእኛን ትምህርት ቤት ጥሩ ነው ያላቸው ማን ነው?»

ልጅቷ ይህን የጠየቀችው ድልድዩ ላይ ቆመው ነው። ከወንዙ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ጣሪያው ተገልጦ፣ አዲስ ቆርቆሮ የጫነ መኪና በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሠራተኞቹ ቆርቆሮውን ሲያወርዱ ፀሐይ እያረፈበት ዓይን ይወጋል። ልጅቷን፣ ትንሽና ቀጭን ስለሆነች፣ ሰፈሩ ድምቢጥ ብሎ ነው የሚጠራት። የድልድዩን ብረት ይዛ ብዙ ካየች በኋላ ነው ወደ እናቷ የዞረችው። ጥያቄዋን እንደጨረሰች ሳል ያዛት።

እናቷ «ነይ እንሂድ፣ ነፋስ ነው» ብላ እጇን ሳበቻት። ጥያቄው ግን ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ቤት እስኪደርሱ ሲቆረቁራት ሄደ።

እናትየዋ ሆቴል ውስጥ ልብስ አጣቢ ናት። አንሶላ ይሁን ፎጣ፣ በእጇ የማያልፍ ነጭ ነገር የለም። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው፤ ቤቱም ልጅቷም ጭንቀቱም የእሷ ናቸው። ጭንቀቱንማ እንደ ሁለተኛ ልጅ አዝላው ነው የምትዞረው። ጎረቤቷ ዳቦ ጋጋሪዋ «አንቺ እኮ ፀሐይ ወጣች ቢሉሽ ‹ብትወድቅስ?› ነው የምትዪው» እያለች ትስቅባታለች። እንዲህ ትበላት እንጂ ሁለቱ ሴቶች ከእህትማማች ይቀራረቡ ነበር። በየማለዳው ዳቦ ጋጋሪዋ ገና ትኩሳቱ ያልወጣለት ዳቦ ይዛ በሩን በክርኗ ትመታለች፤ የዳቦ ጋጋሪዋ ወንዶች ልጆች ሲታመሙ ደግሞ እናትየዋ ናት አዝላ የምትሮጥ።

የሰፈሩ ትምህርት ቤት ሁለት ሕንፃ አለው። የታችኛው ዝቅ ያለና ጠንካራ ነው፤ ትንንሾቹ ይማሩበታል። የላይኛው ግን ተዳፋት ላይ ስለተሠራ መሬቱ ከሥሩ እየሸሸበት ዓመት በመጣ ቁጥር ይሰነጠቃል። ድምቢጥም የዳቦ ጋጋሪዋ ልጆችም የሚማሩት እዚያ ነው። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ሲወጡ በዚያው ክፍል የጎልማሶች ትምህርት ይሰጣል። እናትየዋ ከሥራ ስትወጣ ሳሙና የበላውን እጇን በቀሚሷ እያበሰች ትመጣና በልጇ ዴስክ ላይ ተቀምጣ ፊደል ትቆጥራለች። ጉልበቷ ከዴስኩ ሥር አይገባም። ስለዚህ ወደ ጎን ዞራ ነው የምትጽፈው፤ ወደ ጎን ስትዞር ደግሞ የሚገጥማት ግድግዳው ነው። ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ እስከ ወለሉ የሚወርድ ስንጥቅ አለ፤ እጅ ያስገባል። ዝናብ ሲዘንብ በዚያ በኩል ውኃ ይወርዳል፤ ዙሪያው ጠቁሮ ሻግቷል። ልጇ ቀኑን ሙሉ የምትተነፍሰው ይህን ነው። የጤና ጣቢያው ሐኪም ደረቷን አዳምጦ «ከርጥበት አርቂያት» ብሏት ነበር። ማለቱ ቀላል ነው። ወዴት ታርቃት?

ስለዚህ ከተማው ዘንድሮ ትምህርት ቤቶችን ሊያድስ ነው ሲባል ከእሷ በላይ ደስ ያለው ሰው አልነበረም። ዲሬክተሯ ወላጆችን ሰበሰበችና በጀቱ ለሁሉም እንደማይበቃ፣ መሐንዲስ እየዞረ አይቶ እንደሚወስን ተናገረች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እንግዲህ እንግዳ ሊመጣብን ነው» አለች።

ይህን ስትል ሴቶቹ ወለሉን አዩ፤ ግድግዳውን አዩ፤ እርስ በርስም ተያዩ። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም ማለት አላስፈለገውም። እንግዳ ይመጣል ከተባለ ይጠረጋል፤ ገመና ይሸፈናል። በምን መለኪያ እንደሚሰጥ የጠየቀ አልነበረም። የሚሰጥ ሰው ባለቤት ላለው ቤት ነው የሚሰጥ፤ የተዝረከረከ ቤት ቢሰጡትም ያበላሸዋል። ሁሉም በልቡ እንዲህ ብሎ ነበር።

በዚያ ሰሞን እናትየዋ የጦር አዛዥ ሆነች። ቁፍጥን አለች። ነጭ ማድረግ የእሷ ሥራ ነው፤ በሌላው ነገር ሁሉ ወደ ኋላ የምትል ሴት በዚህ ግን ማንም አይቀድማትም። ኖራውን ራሷ በጠበጠች። ለነጭ ልብስ የሚጨመረውን ሰማያዊ ዱቄት ከሥራ ቦታ አምጥታ ኖራው ውስጥ ጨመረችበት፤ ግድግዳው እንደ ተተኮሰ አንሶላ ፏ አለ። ዳቦ ጋጋሪዋ መሰላል ላይ ሆና «ኧረ ቀስ፣ መሐንዲሱን ልታሳውሪው ነው» ስትል ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ዘበኛው ጣሪያ ላይ ወጥቶ የተበሳውን ቆርቆሮ በሬንጅ ደፈነ። ሊደፈን ያልቻለውን ሽንት ቤት ቆልፈው ቁልፉን ለእሱ ሰጡት።

የቀረው ስንጥቁ ነበር። ኖራ ቢቀቡት ይውጠዋል። እናትየዋ ሥራ ቦታዋ ሄዳ ሆቴሉ የጣላቸውን ያረጁ አንሶላዎች ይዛ መጣች። ቀዳድዳ በጄሶ ነከረችና በማንኪያ እጀታ እየጠቀጠቀች ስንጥቁን ከላይ እስከ ታች ሞላችው። ከላዩ ለሰነችበት፤ ሲደርቅ ቀባችው። እጇን ብታሳልፍበት ስንጥቅ የነበረበት ቦታ የት እንደሆነ እንኳ አይታወቅም። ለሳምንት ያህል ጥፍሯ ሥር ያለው ሰማያዊ አልለቅ ብሏት ነበር፤ አላፈረችበትም።

መሐንዲሱ የመጣው ፀሐይ በወጣበት ቀን ነው። አቧራ የለበሰ ጫማ ያደረገ፣ ብዙ ትምህርት ቤት የዞረ የሚመስል፣ የደከመው ወጣት ነው። ዞረ፤ አየ፤ በስልኩ ፎቶ አነሣ። ሽንት ቤቱ ዘንድ ሲደርስ ዘበኛው ቁልፉ ጠፍቶበት ተገኘ። መሐንዲሱ ሲወጣ ወላጆቹን ጨብጦ «እንዲህ ያለ ንጹሕ ትምህርት ቤት አላየሁም፤ እጃችሁ ይባረክ» አለ። እናትየዋ ይህን ቃል ለባሏ በስልክ ነገረችው፤ መስመሩ ሲቋረጥባት መልሳ ደውላ ደገመችለት።

ከዚያ ውሳኔው መጣ። ከወንዝ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ሊታደስ፣ የእነሱ «በመልካም ሁኔታ ላይ ያለ» ተብሎ ለወደፊቱ ሊቆይ። ዲሬክተሯ ለወላጆቹ አነበበችላቸው። ድምቢጥ ድልድዩ ላይ ያንን ጥያቄ የጠየቀችው ይህ ከሆነ በኋላ ነው።

መልሱን ለእናትየዋ ያመጣችላት ዳቦ ጋጋሪዋ ናት። ማዶ ላሉ ሱቆች ዳቦ ስለምታደርስ ወሬው እዚያ ነበር የደረሳት። በማለዳ በሩን በክርኗ መታች፤ ዳቦውን አስቀመጠች፤ አልተቀመጠችም።

«እኛ ስንጠርግ እነሱ ባልዲ ሲደረድሩ ነበር አሉ» አለች።

«የምን ባልዲ?»

«ጣሪያው በሚያፈስበት ሁሉ ሥር። መሐንዲሱ ሲመጣ እጁን ይዘው መጀመሪያ የወሰዱት ሽንት ቤት ነው። አፍንጫውን ይዞ ወጣ አሉ። እዚያ ከወላጆቹ መሃል ማዘጋጃ ቤት የሚሠራ አለ፤ የባሰበት ይቀድማል የሚለውን ደንብ ቀድሞ ያውቃል። ማንም መጥረጊያ እንዳያነሣ ብሎ ነበር አሉ።» ልትስቅ ጀምራ ተወችው። «አሮጌው ቆርቆሯቸው እኮ ከእኛው ይሻል ነበር። በየቀኑ ከሥሩ ነው የማልፈው።»

እናትየዋ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ትል ነበር እናቴ» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ። «እኛ መደበቅ ብቻ መች በቃን፣ ቀባነው እንጂ። ምን ይደረጋል፤ ለከርሞ እኛም ባልዲ እንደረድራለን። የእኔ ባልዲዎች ደግሞ ትልልቅ ናቸው።»

እናትየዋን ግን የባልዲው ነገር አላሳቃትም። ጥሩ ነው ያላቸው ማን እንደሆነ አሁን ገብቷታል። እሷ ናት። በቃል ባትልም በኖራ ብላለች።

ምናልባት እስከ ከርሞ ትታገሥ ነበር፤ ባይዘንብ ኖሮ። ከባዱ ዝናብ በወረደ ማግሥት ጎልማሶቹ ሊማሩ ገቡ። እናትየዋ እንደ ልማዷ ወደ ጎን ዞራ ስትቀመጥ የለሰነችው ጄሶ ከላይ እስከ ታች ተላቅቆ አየች። አንሶላው ርሶ፣ ጠርዙ እንደ ምላስ ወጥቷል። ልትመልሰው በጣቷ ገፋችው፤ ወደ ውስጥ ሰመጠ። ጠቅጥቃ የሞላችው ስንጥቅ እንዲህ ሰፊ አልነበረም። ግድግዳው ሸሽቷል ማለት ነው። አስተማሪው በሰሌዳው ላይ የጻፈውን ሁሉም ሲያነብ እሷ ስንጥቁን በጣቷ ለካች። ልጇ ነገ ጠዋት እዚሁ ትቀመጣለች።

ትምህርቱ ሲያልቅ ዲሬክተሯ ዘንድ ሄደች። ዲሬክተሯ ሰማቻት፤ ተነሥታ በሩን ዘጋችና አጠገቧ ተቀመጠች። እሷም ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ብዙ ዓመት ይህን ትምህርት ቤት በጥርሷ ይዛ የቆየች ሴት ናት።

«የኔ እህት፣ ስሚኝ» አለች። «የዘንድሮው በጀት ተከፋፍሎ አልቋል። አሁን ሄደሽ ሕንፃው አደገኛ ነው ብትያቸው አያድሱልሽም። ይዘጉታል። የተዘጋ ደግሞ ሲከፈት አላየሁም።»

«ቢወድቅስ፣ እትዬ?»

ዲሬክተሯ ልጆቹን ከግድግዳው እንደምታርቅ፣ ዴስኮቹን ወደ መሃል እንደምታስጠጋ ተናገረች። በማግሥቱም እንዳለችው አደረገች። ሦስት ልጅ በአንድ ዴስክ ተቀመጠ።

እናትየዋ ዳቦ ጋጋሪዋንም አማከረች። ዳቦ ጋጋሪዋ በአንድ ቃል መለሰችላት፤ ዝም በይ አለቻት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችውን ሴት እንዳትሆኚ፤ ትምህርት ቤቱ ቢዘጋ የእኔ ልጆች የት ይገባሉ? እናትየዋ እሺ ብላ ወጣች። ቤቷ ገብታ ድምቢጥ ስትተነፍስ ደረቷ እንደ ተቀደደ ወናፍ ሲያፏጭ ሰማች። ዝም ማለት አልቻለችም።

ማዘጋጃ ቤቱ ረጅም መተላለፊያ አለው፤ በሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰው ትጠይቅ ነበር። አሁን በየበሩ ቆማ የተጻፈውን ፊደል በፊደል እየለቀመች አነበበች፤ የሚመለከታት በር ዘንድ ስትደርስ ሁለት ጊዜ አነበበችውና አንኳኳች። መሐንዲሱ አወቃት። ተነሥቶ ወንበር ሰጣት።

ነገሩን ስትነግረው መጀመሪያ አልገባውም። ያየው ግድግዳ ስንጥቅ እንዳልነበረው፣ ፎቶው እንዳለ ነገራት። ስልኩንም አሳያት። ግድግዳው በፎቶው ውስጥ ያበራል።

«ውስጡ አንሶላ ነው» አለችው። «እኔ ነኝ የሞላሁት። ሽንት ቤቱም ቁልፉ አልጠፋም ነበር።»

«እናቴ፣ ለምንድን ነው እንዲህ ያደረጋችሁት?»

«እርስዎ እንግዳ ነበሩ እኮ» አለች። ሌላ ምክንያት ፈልጋ አጣች።

መሐንዲሱ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው። ደንቡን ያወጡት ለሁሉም እኩል እንዲሆን ብለው እንደነበር፣ ሰው አማላጅ እንዳይልክባቸው በነጥብ ያደረጉትም ለዚያ እንደሆነ እንደ መማጸን አድርጎ አስረዳት። እሱ ያየውን ነው የጻፈው። እናትየዋ አመነችው። ውሸታም አይመስልም።

«ታዲያ ‹አትጥረጉ› የሚል ሰው ለእኛም ቢላክልን ምን ነበረበት?» አለችው።

መሐንዲሱ ስልኩን አንሥቶ ፎቶውን ደግሞ አየ። ከዚያ «እንግዲህ ከሰማሁ በኋላ እንዳልሰማ መሆን አልችልም» አላት። እናትየዋ ይህን መልካም ዜና አድርጋ ነው ይዛው የወጣችው። መንገድ ላይ ለድምቢጥ ብርቱካን ገዛችላት።

በማግሥቱ ሳይነግር መጣ። ልጆቹን ከክፍሉ አስወጣና በመስኮት እያዩት የአንሶላውን ጠርዝ ይዞ ሳበው። አንሶላው መጣ፤ አሁንም መጣ፤ ማለቂያ የለውም። ልጆቹ እንደ ጨዋታ አይተውት ሳቁ፤ የዳቦ ጋጋሪዋ ትንሹ ልጅ «ትራሱም አለ?» ብሎ ጮኸ። የሆቴሉ ምልክት የተጠለፈበት ጫፍ ሲወጣ አብሮት አንድ ጡብ ወደቀ። መሐንዲሱ በስንጥቁ ውስጥ ከውጭ የገባውን ብርሃን ጎንበስ ብሎ አየ፤ ቀና ሲል ፊቱ ኖራ ነበር የሚመስለው። በዚያው ቀን የላይኛው ሕንፃ በር ታሸገ።

ዲሬክተሯ ያለችው ሆነ። ለእድሳት የሚሆን ገንዘብ የለም፤ ለከርሞ ይታያል ተባለ። የላይኛው ሕንፃ ልጆች ማዶ ባለው በታደሰው ትምህርት ቤት ይግቡ ሲባል ወላጆቹ ትንሽ ተነፈሱ። ቦታው ግን ጥቂት ነው፤ በዚያ ሰፈር አድራሻ ላለው ብቻ ተባለ። አድራሻ ማለት ዘመድ ማለት ነው። ማዶ ዘመድ የሌለው በታችኛው ሕንፃ ከትንንሾቹ ጋር በፈረቃ ይማራል፤ ግማሽ ቀን ይማራል፣ ግማሽ ቀን መንገድ ላይ ይውላል።

ድምቢጥ ማዶ አክስት አላት። የአባቷ እህት ናት፤ ልጅ የላትም፤ ሳትጠየቅ ነው «አምጪያት፣ እኔ ዘንድ ትሁን» ብላ የላከች።

በዚያን ጊዜ ዳቦ ጋጋሪዋ መጣች። በክርኗ አልነበረም፤ በጣቷ ነው ያንኳኳች፤ እንደ ሌላ ሰው። ዳቦም አልያዘችም።

«አንቺማ ምን አለብሽ» አለች በሩ ላይ እንደቆመች። «ልጅሽ አክስት አላት።»

«እኔ እንዲህ ይሆናል ብዬ መች አሰብኩ? ሁሉንም ያድሱልናል ብዬ ነው። ግድግዳው ሊወድቅ ነበር እኮ።»

«ሊወድቅ ነበር። አውቃለሁ፤ ጡቡን አይቼዋለሁ። ጥፋተኛ ነሽ አላልኩም።» ዳቦ ጋጋሪዋ ዓይኗን ከበሩ ጉበን አላነሣችም። «ግን ያቺን ኖራ አብረን ቀባን። አብረን ሸፈንን። ስትገልጪው ብቻሽን ሆንሽ፤ ስትወጪም ብቻሽን።»

እናትየዋ ልጆችሽን እኔ አስጠናቸዋለሁ ልትል አሰበች፤ እሷ ራሷ ገና ፊደል ቆጣሪ ናት። ዳቦ ጋጋሪዋ መልስ አልጠበቀችም፤ ሄደች። ከዚያ ወዲያ በማለዳ በሩን የመታ የለም።

ድምቢጥን ላለመላክም አስባ ነበር። ቢያንስ የጎረቤት ፊት ይመለስልኛል ብላ። ለባሏ ደወለች፤ እሱም «አንቺ ታውቂያለሽ» አላት፤ ይህ ደግሞ ከጭንቀት ሁሉ የባሰ ነው። መጨረሻ ላይ የወሰነላት የልጅቷ ደረት ነው። ዝናቡ ገና አላባራም ነበር፤ የታችኛው ሕንፃ ክፍል ደግሞ በልጅ ብዛት ከመታፈኑ የተነሣ መስኮቱ ውስጡን ያልበዋል። የጎረቤት ፊት ሳንባ አይሆንም አለች ለራሷ፤ አለችና አለቀሰች።

የድምቢጥን ልብስ በአንዲት ሻንጣ አድርጋ ይዛት ስትሄድ ድልድዩ ላይ ቆሙ። ከማዶ አዲሱ ቆርቆሮ ተመቶ አልቋል፤ ግቢው ዛፍ ሳይቀር ተተክሎበታል። አክስትየዋ ከወዲያኛው ጫፍ ጃንጥላ ይዛ ትጠብቃለች።

«የዚያን ቀን የጠየቅሽኝን ታስታውሻለሽ?» አለቻት እናቷ። «ጥሩ ነው ያላቸው ማን ነው ብለሽ?»

«አዎ።»

«እኔ ነኝ።»

ድምቢጥ የእናቷን እጅ ገልብጣ ጥፍሯን አየች። «አውቅ ነበር» አለች። «ያኔ እጅሽ ሰማያዊ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ጠየቅሽኝ?»

ልጅቷ ትከሻዋን ሰበቀች። ሻንጣውን ተቀብላ ወደ አክስቷ መሄድ ጀመረች፤ ትንሽ እንደሄደች እንደ መሮጥ አለች፤ ሳሏ ሲመጣ ደግሞ ዝግ አለች።

ከድምቢጥ ክፍል ማዶ ዘመድ ያላቸው ሄዱ። ዲሬክተሯ በዓመቱ መጨረሻ ተዛውራ ሄደች። የዳቦ ጋጋሪዋ ልጆች ቀሩ፤ በፈረቃ ይማራሉ፤ ግማሹን ቀን ከእናታቸው ጋር ዳቦ ያደርሳሉ። የጎልማሶቹ ትምህርት ወደ ታችኛው ሕንፃ፣ ወደ ትንንሾቹ ክፍል ተዛወረ። ዴስኩ ከድሮው ያንሳል። እናትየዋ ከሥራ ስትወጣ እዚያ ትገባለች፤ ወደ ጎን ዞራ ትቀመጣለች። እሷ ቀርታለች።